የላዳዬን የነዳጅ መለኪያ እንዴት ጠገንኩት

የነዳጅ ጌጅ ሲበላሽ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ክሩስኮቶው (ከመሪው ፊት ያለው የጠቋሚዎች ገበታ) ላይ ያለውን ጠቋሚ ነው። በላዳ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከኋላ ነው፤ ታንኩ ውስጥ በተንጠለጠለው መለኪያ ወይም ከእርሱ በሚወጡት ሽቦዎች ላይ። ይህን የምጽፈው እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራችውን 2101 ላዳዬን መለኪያ በእጄ ፈትቼ፣ ጠግኜ፣ መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ነው። አሮጌ ላዳ ይዞ በየጊዜው «አዲስ ዕቃ ግዛ» የሚባል ሰው ሁሉ አሮጌውን ሳይለካ እንዳይጥለው እፈልጋለሁ።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆኗል። ታንኩ ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ የማያውቅ ሰው ስንት ብር መክፈል እንዳለበትም አያውቅም። ሰልፉ በረዘመበት ቀን ደግሞ ተራው ሳይደርስ ቤንዚኑ ያለቀበት አሽከርካሪ መኪናውን እየገፋ ነው ወደ ማደያው የሚጠጋው። ላዳዬ ከአጎቴ የተረከብኳት የቀድሞ ታክሲ ስለሆነች ይህን ሁሉ አሳልፋለች።

የእርሷ ጌጅ ሁለት ጠባይ ነበረው። ታንኩ እስከ አፉ ተሞልቶ እንኳ ጠቋሚው ሦስት አራተኛን አያልፍም። ግማሽ ላይ ሲደርስ ደግሞ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ድንገት ዜሮ ላይ ይወድቃል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲነካ ተመልሶ ይነሣል። እነዚህ የተለያዩ ሕመሞች ምልክቶች ናቸው፤ ለየብቻ መታየት አለባቸው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የቸርችልን ቁልቁለት ስወርድና ዳገቱን ስመለስ ጠቋሚው የተለያየ ነገር ማሳየቱ ግን ብልሽት አይደለም። ቤንዚኑ ታንኩ ውስጥ ስለሚያዘነብል ነው። ጌጅ የሚነበበው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ግማሽ ጥገና ነው። ላዳ 2101 እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረቷ ቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው የፊያት 124ን ንድፍ መሠረት አድርጋ ነው፤ ኤሌክትሪኳም እንደ ዘመኗ ቀላል ነው። ታንኩ 39 ሊትር ይይዛል፤ የሚገኘውም በኋላው የዕቃ መጫኛ ውስጥ በስተቀኝ በኩል ነው። መለኪያው በክንድ ጫፍ ላይ ያለ ተንሳፋፊ፣ ከክንዱ ጋር የሚንቀሳቀስ ትንሽ የብረት ምላስ፣ እንዲሁም ምላሱ የሚንሸራተትበት ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ሰሌዳ አለው። ታንኩ ሲሞላ ሬዚስታንሱ (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚያግድበት፣ በኦም የሚለካው መጠን) ከ10 ኦም በታች ይወርዳል፤ ግማሽ ላይ 120 ኦም ገደማ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆን ከ300 ኦም ያልፋል። ጠቋሚው የሚያነበው ይህን ነው። ስለዚህ የመለኪያው ሽቦ ሲነቀል ጠቋሚው ዜሮ ላይ ይተኛል፤ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር ሲገናኝ ሙሉ ላይ ይወጣል።

ፍተሻውን የጀመርኩት ከዚሁ ነው። ከመለኪያው የሚወጡት ሽቦዎች አንዱ ለጠቋሚው፣ አንዱ ለቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት፣ አንዱ ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማሳ የሚሉት፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው ነው። የጠቋሚውን ሽቦ ነቅዬ በሌላ ሽቦ ከአካሉ ጋር አሰርኩና ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፉን ከፈትኩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ሽቦ ከታንክ አጠገብ ቢነካካ ብልጭታ ይፈጥራል። ጠቋሚው ያለ ምንም መንቀጥቀጥ ሙሉ ላይ ወጣ። ጌጁ ጤነኛ፣ እስከ ፊት የሚሄደው ሽቦም ጤነኛ ማለት ነው። ማሳውን ደግሞ ፈትቼ ዝገቱን እስኪያበራ ድረስ ፋቅሁት። የፊት መብራት ሲበራ የነዳጅ ጠቋሚው የሚዛነፍበት ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት ማሳውን ይመልከት።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላዳ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ሄጄ ምልክቶቹን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ተንሳፋፊውን አውጥተህ ጆሮህ አጠገብ ወዝውዘው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሽቦ የተጠመጠመበቱስ?» ስላቸው፣ «እርሱን በብሩሽ እንጂ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው» ብለው አስጠነቀቁኝ። ሁለቱም ምክሮች ወርቅ ነበሩ።

መለኪያውን ከማውጣቴ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀልኩ፤ ከታንኩ ቤንዚኑን በእጅ ፓምፕ አውጥቼ ክዳን ባለው ጀሪካን አስቀመጥኩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፤ ይህ ሥራ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሠራም። በግቢያችን ከሰዓት በኋላ ቡና ስለሚፈላ ጎረቤቴን «እማማ፣ ዛሬ ከሰሉን ከግቢ ውጭ ያድርጉልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ቡናውን ከነምድጃው ወደ ዘመዳቸው ቤት አዛወሩት፤ እግዜር ይስጣቸው።

በላዳ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚስበው ቱቦ የሚያልፈው በዚሁ መለኪያ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቧንቧውም ይነቀላል። ዙሪያውን የያዙትን ብሎኖች ከመፍታቴ በፊት አካባቢውን በደንብ ጠረግሁት፤ እዚያ የተከማቸ የዓመታት አቧራ ታንክ ውስጥ ከገባ መንገዱ ቀጥታ ቤንዚንን ከአየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ነው። መለኪያውን ሳወጣ ክንዱ እንዳይጣመም እያዘነበልኩ ነበር።

ተንሳፋፊውን ወዘወዝኩት። ውስጡ ቤንዚን ሲንቦጫቦጭ በግልጽ ይሰማል። ቀዳዳው የት እንዳለ ለማየት ከቤት የፈላ ውኃ አምጥቼ፣ ውጭ፣ ከእሳት ርቄ ነከርኩት፤ ከስፌቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። የሦስት አራተኛው ጉዳይ ተፈታ፦ ተንሳፋፊው ቤንዚን ጠጥቶ ስለከበደ ከሚገባው በታች እየተንሳፈፈ ነበር።

መንቀጥቀጡ የመጣው ግን ከሰሌዳው ነው። ክንዱን በዝግታ እያንቀሳቀስኩ ኦም በሚለካው መሣሪያ፣ በመልቲሜትር ስከታተል፣ ቁጥሩ እስከ ግማሽ በወጉ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ይጠፋል። በማጉያ መስተዋት ሳየው የሽቦው ጥምጥም ከግማሽ በታች ባለው ክፍል ተሞርዶ ጠፍጣፋ መስመር ወጥቶለታል፤ መስመሩ ላይ ጥቁር ቅርፊት ተጋግሯል። ታክሲ ታንክ ሞልቶ አይሠራም፤ በጥቂት በጥቂቱ ይቀዳል። ምላሱም ዕድሜውን የፈጀው በዚያው በታችኛው ግማሽ ላይ ሲመላለስ ነው። ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል ብቻ አጸዳሁት። ከዚያ ምላሱን በቀጭን ፒንሳ ጥቂት ወደ ጎን አጥፌ ባልተሞረደው ክፍል ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ፤ ጥቂትም ወደ ውስጥ ጫንኩት። አሁን ቁጥሩ ሳይቋረጥ ከ8 እስከ 320 ኦም ይወጣል።

ለተንሳፋፊው የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ፤ መልቲሜትሩን ይዤ። አንድ ነጋዴ ሳጥኑ ያልተከፈተ «የላዳ» መለኪያ አወጣልኝ። ቆሜ ለካሁት፤ ባዶ ቦታው ላይ 180 ኦም ብቻ ነው። ያንን የገጠመ ሰው ቤንዚኑ አልቆ ጠቋሚው ገና አለ ይለዋል። ከመልኩ ምንም አይለይም፤ የሚለየው ሲለካ ነው። ለነጋዴው ቁጥሩን አሳየሁት፤ ደግ ሰው ነውና አልተቆጣም፤ ከጀርባ የሞቱ መለኪያዎች የተከማቹበትን ካርቶን አምጥቶ «ምረጥ» አለኝ። ከዚያ ውስጥ ደረቅ ተንሳፋፊ አገኘሁ።

ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በመለኪያውና በታንኩ መካከል ፍሳሽ የሚከለክለው ማሸጊያ፣ ቤንዚን የሚችል መሆን አለበት። ተራ ጎማ በቤንዚን ያብጣል፤ ተራ ሲሊኮንም ይላላና ቁርጥራጩ የቱቦውን ማጣሪያ ይደፍናል።

መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ያወጣሁትን ቤንዚን አምስት አምስት ሊትር እየለካሁ ሜዳ ላይ ቆሜ መለስኩ። በእያንዳንዱ ጊዜ ቁልፉን ከፍቼ ጠቋሚው የት እንደቆመ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ 20 ሊትር ገብቶ ጠቋሚው ከግማሽ በላይ ስላሳየ መለኪያውን አውጥቼ ክንዱን ትንሽ ወደ ላይ አጠፍኩት፤ ያኔ ተንሳፋፊው በዚያው ቤንዚን ላይ ሲያርፍ ክንዱ ዝቅ ይላል፣ ንባቡም ይቀንሳል። አሁን 20 ሊትር ላይ ግማሽ ያሳያል። ወረቀቱን ላሚኔት አስደርጌ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ለጥፌዋለሁ፤ ማደያ ስገባ ስንት ብር እንደምከፍል የማሰላው ከእርሱ ነው።

የቀረኝ ቀዩ መብራት ነው። ከ4 እስከ 6 ሊትር አካባቢ ሲቀር መብራት ሲገባው ዝም ይላል። አምፖሉ ይሠራል፤ ሽቦውን ከአካሉ ጋር ሳገናኘው ቦግ ይላል። ስለዚህ ጥፋቱ ክንዱ ታች ሲደርስ የሚነካው የመለኪያው ትንሽ መገናኛ ነው፤ ታንኩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጎድል እርሱን እከፍተዋለሁ።