ሁለት ማርከሮች

ተውኔት ለምናስተምር መምህራን በተዘጋጀው የ3 ቀን ሥልጠና ላይ ስሜ የገባው ሳልጠየቅ ነው፤ የሄድኩትም አኩርፌ ነው። የሼክስፒርን “ማክቤዝ” 19 ዓመት አስተምሬዋለሁ። ማስታወሻዬ ጠርዙ ተበልቶ በፕላስተር ተጣብቋል፤ ጭብጥ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት በየተራቸው ተሰድረውበታል። ከዚህ በላይ ምን ሊጨመርልኝ ነው?

አሠልጣኟ የመድረክ ሰው ናት። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታ “ዛሬ ማንም ማንንም አያስረዳም፤ ቆማችሁ ታነባላችሁ” አለችን። እጄን አወጣሁ።

“እርስዎ እንዲህ ሲያሠሩ ስንት ተማሪ ይይዛሉ?”

“አሥራ ሁለት። ሲበዛ አሥራ አምስት።”

“እኔ የምይዘው 62 ነው። ወንበሮቹም ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው።”

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። “እንግዲያውስ መጀመሪያ እርስዎ ይቁሙ” አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ ይህ ነው። ለጥያቄዬ መልስ አልሰጠችኝም፤ እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ።

የተሰጠን ገቢር 2፣ ትዕይንት 2 ነው፤ ማክቤዝ ንጉሥ ዳንካንን ገድሎ ሲመለስ። ማስተማር ከጀመረ ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ማክቤዝን፣ እኔ ደግሞ ከነጢሜ ሚስቱን ሌዲ ማክቤዝን እንድንሆን ተፈረደብን። ለጩቤዎቹ ሁለት ቀይ ማርከር ሰጠችው።

“ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ልጩህ ወይስ ላንሾካሹክ?”

“ሰው ገድለህ ነው የመጣኸው፤ እንዴት ትጮሃለህ?” አልኩት። ሳላስበው ማስረዳት ጀምሬያለሁ።

እዚያ ቦታ ላይ ባልና ሚስቱ አንዳንድ ቃል ይወራወራሉ። አልተናገርክም? መቼ? አሁን። ስወርድ? አዎ። ለፈተና የሚሆን ጭብጥ ስለሌለው 19 ዓመት ስዘለው የኖርኩት ቦታ ነው። ልጁ “መቼ?” ብሎ ዓይኑን ሲተክልብኝ ግን “አሁን” ያልኩበት ድምፅ የእኔ አልመስልህ አለኝ። ከዚያ “አሜን” ማለት እንዳቃተው፣ “ከእንግዲህ እንቅልፍ የለም” የሚል ድምፅ እንደሰማ ሲነግረኝ፣ ፊት ፊቱን እያየሁ ሳባብለው ቆየሁ። ሠላሳ መስመር ያህል ካለፈ በኋላ “እነዚህን ጩቤዎች ለምን ይዘሃቸው መጣህ?” የሚለው ንግግሬ ደረሰ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ማርከሮቹ እጁ ላይ ናቸው፤ የአንዱ ክዳን ወልቆ መዳፉን አቅልሞታል። ረስቻቸው ነበር። ሲቀበላቸው አጠገቡ ቆሜ እያየሁ!

ይህችን ቦታ ደግሞ በፈተና እጠይቃታለሁ። “ሌዲ ማክቤዝ ጩቤዎቹን ቶሎ ያላየችው ለምንድን ነው?” መልሱ “ሌሊት ስለሆነ” ነው፤ ሁለት ነጥብ። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ “ፊቱን እያየች ስለነበር” ብላ ጻፈች። በቀይ አቋርጬ “ከማስታወሻው ውጪ” አልኩበት። ወረቀቷን ይዛ ቢሮ ድረስ መጥታ ተከራከረችኝ፤ “ጽሑፉ ላይ የት አለ? አሳዪኝ” ብዬ አፏን አስዘጋኋት።

በዕረፍት ሰዓት ይህንን የመጨረሻውን ክፍል ዘልዬ ለአሠልጣኟ ነገርኳት። እሷም የሼክስፒር ተውኔቶች እ.ኤ.አ. በ1623 ተሰብስበው ሲታተሙ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው “ማክቤዝ ይገባል” የሚል የመድረክ መመሪያ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ጩቤ ይዞ መግባቱን የጨመሩት በኋላ የመጡ አርታኢዎች ናቸው። “ጽሑፉ ላይ የት አለ?” ባዩ እኔ፣ ጣቴን የምቀስርበት መስመር ራሱ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጅቷ በዚያን ጊዜ ይህን ብታውቅ ኖሮ ምን እንደምታደርገኝ ሳስብ እንኳንም አላወቀች እላለሁ።

ስመለስ እነዚያን በብሎን የታሰሩ ወንበሮች አልፌ ሁለት ተማሪዎች ከፊት አቆምኩ፤ ለአንዱ ማርከሮቹን ሰጠሁት። ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ከኋላ አንዱ “ኧረ ጩቤዎቹ እጁ ላይ ናቸው!” ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ የጎረቤት ክፍል መምህር በበሩ አንገቱን አስግጎ አየኝ። ሌዲ ማክቤዝም ተናድዳ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጠመኔ አነሣሁ። “መልስ፦ ፊቱን እያየች ስለነበር” ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሁሉም ገለበጡ። አሁንም ሁለት ነጥብ ነው።