ምሳ ዕቃው ሞልቶ ሲመለስ

መጀመሪያ የነገረኝ ምሳ ዕቃው ነው። ሦስት ቀን ተከታትሎ ጠዋት እንደቋጠርኩት ተመለሰ። «አላሰኘኝም» አለችኝ። ሰኞ ሆዷን አመማት፤ ማክሰኞ ደግሞ «በሰርቪስ አልሄድም፣ አንቺ አድርሽኝ» አለች። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ናት። መስኮት ዳር ለመቀመጥ ስትል ከሁሉም ቀድማ ሰርቪሱ ላይ የምትወጣ ልጅ ነበረች።

ሐሙስ ማታ ስልኳን ሳይ ገባኝ። ሰርቪስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት፣ አፏ ተከፍቶ ፎቶ አንስተዋታል። ፎቶውን ስቲከር አድርገውታል። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ እሷ አንድ ነገር በጻፈች ቁጥር ያ ስቲከር ይዘንብባታል። «የሒሳብ የቤት ሥራ ገጽ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃለች፤ መልሱ ዘጠኝ ስቲከር።

እኔ ምን አደረግሁ? ስልኩን ነጠቅኋት። «ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የሚባል ነገር የለም!» እሷም እያለቀሰች «ለዚህ እኮ ነው ያልነገርኩሽ» አለችኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች። የተበደለችው እሷ፣ የተቀጣችውም እሷ። እናቴ «ተያቸው የኔ እናት፣ ያልፋል» አለቻት። ታላቅ ወንድሟ «ማን እንደሆነ አሳዪኝ» ብሎ ተነሳ። ሦስታችንም ለእሷ ብለን ነው፤ ምን እንደምትፈልግ ግን አንዳችንም አልጠየቅናትም።

በማግስቱ ስልኩን መለስኩላት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ምን ቢደረግልሽ ይሻልሻል?» አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ስቲከሩ ይጥፋልኝ። ሰልፍ ላይ ደግሞ ስሜ እንዳይጠራ» አለች።

ከግሩፑ ልትወጣ ስትል ግን አስቆምኳት። ከወጣች ያለፈው ጽሑፍ ከስልኳ ይጠፋል፤ የላኩትም ልጆች የላኩትን ከሁሉም ስልክ ላይ መሰረዝ ይችላሉ። ስለዚህ ቀኑና የላኪው ስም እንዲታይ አድርገን ስክሪንሹት አነሳን። ሳትመው 11 ገጽ ሆነ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ ገብተን፣ ስልኳ ላይ ከተመዘገቡ ሰዎች በቀር ማንም ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምራት አደረግን።

ወረቀቱን ይዤ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ዩኒት ሊደሩ (የክፍሎቹ ኃላፊ) «ከግቢ ውጭ፣ በስልክ የሆነ የልጆች ጨዋታ ነው» አሉኝ። ፎቶው የተነሳው በትምህርት ቤቱ ሰርቪስ መሆኑን አሳየኋቸው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ስለ አንድ ሰው ደጋግሞ መልእክት እየላኩ ማስፈራራትና ማስጨነቅን በእስራት እንደሚያስቀጣም ነገርኳቸው። ልጅ ይታሰር ብዬ አይደለም፤ «ጨዋታ» የሚሉትን ቃል እንዲተዉልኝ ነው። ቀጥለው ልጆቹን አስጠርተው «ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ» ሊሏቸው ነበር። እምቢ አልኩ። ተሳሳሙ የሚባለው ለተጣሉ ልጆች ነው። የኔ ልጅ ከማንም አልተጣላችም፤ ተኝታ ነበር። ስቲከሩ እንዲጠፋ፣ የሰርቪሱ ረዳት ከኋላ ወንበር እንድትቀመጥ፣ በሁለት ሳምንት ተመልሰን እንድንገናኝ ተስማማን። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ከነወላጆቻቸው አነጋገሯቸው። ምሳ ዕቃው አሁን ግማሽ ሆኖ ነው የሚመለስ።

አንድ ነገር ግን ለዩኒት ሊደሩ አላሳየሁም። ስክሪንሹት ስናነሳ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ስንሄድ፣ የእሷ ነገር ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት የአንድ ልጅ የድምፅ መልእክት አገኘን። ልጁ ሲናገር ይንተባተባል። ድምፁን ቀድተው እየደጋገሙ ለቀውበታል። ከሥሩ ልጄ አራት የሚስቁ ፊቶች ልካለች።

ሁለታችንም አየነው። አልጮህኩም። «ሁሉም ሲስቅ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ቆይታ፣ ፊቷን ሳታዞር፦

«እማ፣ እሱስ ለእናቱ ነግሯት ይሆን?»

የወላጆችን ግሩፕ ከፍቼ የእናቱን ስልክ መፈለግ ጀመርኩ።