ክረምት ላይ ድሪቶ ለምትሰፉ፦ ቀለሙን ሳትፈትኑ መቀስ አታንሱ

ድሪቶ የሚበላሸው ገመድ ላይ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሜ፣ ያረጀ ጋቢ መሀሉ አስገብቼ፣ ከሥር አቡጀዲ ገበር አድርጌ የጨረስኩት የአልጋ ልብስ ሐምሌ ላይ ታጥቦ ሲሰጣ፣ አንድ ቀይ ጨርቅ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ሮዝ አደረገው። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፌ ቀለሙ ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ልኩ። ሜትር ከሃያ ለሆነ አልጋ 1.80 በ2.25 ሜትር ይበቃል፤ በሁለቱም ጎን 30 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ ግርጌውንም ይሸፍናል። ይህን ባለ 45 ሴንቲሜትር ካሬ አድርጋችሁ ስትከፍሉት በወርዱ 4፣ በቁመቱ 5፣ በድምሩ 20 ይወጣል። ስፌት በየጎኑ 0.75 ሴንቲሜትር ስለሚበላ እያንዳንዱ 46.5 ሆኖ ይቆረጣል። የድሪቶው ፊት ሲያልቅ 4 ካሬ ሜትር ያህል ቢሆንም የሚፈጀው ጨርቅ ወደ 6 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ እያንዳንዱ ካሬ ከብዙ ቅዳጅ (ረጅም ቀጭን ቁራጭ) ተገጣጥሞ ስለሚሠራ፣ ቅዳጁ በቀጠነ ቁጥር ስፌት የሚበላው ይበዛል። በሚዛን ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም፤ ለመምረጥ እንዲመች ግን ሦስት ኪሎ ሰብስቡ። ልብስ ሰፊዎች ማታ የሚጠርጉትን ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ሞልተው ለመስጠት ብዙ አያስቸግሩም።

ፖፕሊን፣ ካኪ፣ የሸሚዝ ጨርቅ፣ ስስ ጂንስ ጥሩ ናቸው። ቲሸርትና የሚሳብ ጨርቅ ሁሉ ይውጣ፤ ከማይሳበው ጋር ሲሰፋ እየተለጠጠ ያብጣል፣ በካውያም አይስተካከልም። ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዛችሁ ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈጫል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ደረቅ ጠጠር ይሆናል። የአገር ልብስ ቁራጭ ያምራል፣ ግን ይተረተራል፤ ከጀርባው ስስ ፖፕሊን ደርቡበት፣ የስፌት ትርፉንም 1.5 ሴንቲሜትር አድርጉት።

አሁን ወደ ቀለሙ።

ቀዩን የሸጠልኝ ነጋዴ «የውጭ ነው፣ በፍጹም አይለቅም» ብሎ ምሎ ነበር። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ጨርቅ ሲሸጥ የሚውል ሰው የትኛው እንደሚለቅ ከገዢው በላይ ያውቃል፤ ቢያንስ «አላውቅም» ማለት ይችላል። የተሰፋ ልብስ አንገቱ ላይ «ለብቻው ይታጠብ» የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ቁርጥራጭ ግን ምንም የለውም። ስለዚህ የማንንም መሐላ አትቀበሉ፣ የእኔንም ጭምር። ውሃና ነጭ ጨርቅ ብቻ ይመስክሩ።

ጥጥ ላይ በብዛት ከሚያጋጥሙን ቀለሞች አንዱ ሪአክቲቭ የሚባለው ነው። ይህ ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፤ ከተሳሰረ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። ችግሩ ሲቀለም የተወሰነው ሳይተሳሰር ይቀራል፤ ፋብሪካው ይህን ትርፍ በፍል ውሃ ደጋግሞ ማጠብ አለበት። ውሃና ነዳጅ ለመቆጠብ እጥበቱ ሲያጥር ትርፉ ጨርቁ ላይ ተቀምጦ ወደ እናንተ ቤት ይመጣል። ሌላው ዳይሬክት የሚባለው ቀለም ነው፤ እሱ ጥጡን ላላ ብሎ ነው የሚይዘው፣ በታጠበ ቁጥር ይለቃል። የመጀመሪያውን ታጥቦ ማዳን ይቻላል፣ ሁለተኛውን አይቻልም። በዓይን አይለዩም። ደማቅ ቀይ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ ከሁሉም በላይ ይጠረጠራሉ።

ክረምት ይህን ሁሉ የሚያባብሰው ለምንድን ነው? ቀለም የሚሰደደው ውሃ ባለበት ብቻ ነው። በጥር ፀሐይ ጠዋት የተሰጣ ድሪቶ ማታ ደርቆ ይገባል፤ የለቀቀው ቀለም ሩቅ ሳይሄድ ውሃው ያልቅበታል። ሐምሌ ላይ ግን ጋቢ የገባበት ልብስ ሁለት ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሃው በክሮቹ መሀል ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ቀለሙን ይዞ ወደ አቡጀዲው ይሰርጋል፣ ከስፌቱ ቀዳዳ አልፎ ጋቢው ውስጥ ይገባል። ሲታጠብ ጥርት ያለ ውሃ ያወጣ ጨርቅ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቱን ሊበክል ይችላል። ለዚህ ነው ሁሉም የሚመክረው «ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እዩት» የሚለው ፈተና ለክረምት የማይበቃው።

የምሠራበት ፈተና ይኸው። ከእያንዳንዱ ጥርጣሬ ካለበት ጨርቅ 5 በ5 ሴንቲሜትር ቁረጡ። የዱቄት ሳሙና በገባበት ሙቅ ውሃ አርሱት፣ በእጅ ብቻ ጭመቁት። በሁለት ነጭ የአቡጀዲ ቁራጭ መሀል አድርጉት፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጫኑበትና ይደር። ጠዋት አቡጀዲው ነጭ ከሆነ ጨርቁ አልፏል። ቀለም ከነካው ጨርቁ ሁሉ እንደገና ይታጠብና እንደገና ይፈተን። አቡጀዲው ላይ በእርሳስ የጨርቁን ዓይነት ጻፉበት፤ ብዙ ሲሆን ይምታታል።

አስቀድሞ ማጠቡ ደግሞ እንዲህ ነው። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ለይታችሁ በየሳፋው አስገቡ። ውሃው 60 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ሁለት እጅ የፈላ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል፣ ሳፋው የሚወስደው ሙቀት ተቀንሶ እዚያው አካባቢ ያርፋል። ሳሙና ጨምራችሁ በእንጨት እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ድፉት፣ ድገሙት። የውሃውን ጥራት በነጭ ስኒ ቀድታችሁ እዩ፤ ሳፋ ውስጥ አይታወቅም። ከአራት ውሃ በኋላም የሚለቅ ጨርቅ አይድንም። ቢያምርም አታስገቡት፤ ወለል ይወልወልበት።

ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስራል የሚለውን ምክር ተዉት። ሰው ሁሉ ይለዋል፣ ልብስ የሚያሰፉ ሁሉ ይደጋግሙታል፣ ግን ለተቀለመ ጥጥ አይሠራም። ጨው የሚያገለግለው በማቅለሙ ጊዜ ቀለሙን ወደ ክሩ ለመግፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አያስርም። ኮምጣጤ ለሱፍና ለሐር በሚውሉት የአሲድ ቀለሞች ላይ ፋይዳ አለው። ሎሚም ያው አሲድ ነው። ጥጥ ላይ የሚጠቅመው ሙቀት፣ ብዙ ውሃና ሳሙና ነው።

አልቆ ከተሰፋ በኋላ ከለቀቀስ? አንድ ሕግ አለ፦ አይድረቅ፣ ካውያም አይንካው። የተሰደደው ቀለም በእርጥብነቱ ሊወጣ ይችላል፤ ከደረቀና በካውያ ከተመታ በኋላ ማውጣቱ እጅግ ይከብዳል። ድሪቶው ተንሳፍፎ የሚዘረጋበት ዕቃ ያስፈልጋል፤ ሳፋ ይጠብበታል፣ የተቆረጠ በርሜል ይሻላል። ሦስት ወይም አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይፈጃል፣ እሱም ለአንድ ዙር ብቻ ነው። በዚያው 60 ዲግሪ ከብዙ ሳሙና ጋር ከማታ እስከ ጠዋት ይዘፍዘፍ። የውሃው ብዛት ነው ወሳኙ፤ ቀለሙ ጨርቅ ላይ ከማረፍ ይልቅ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ሳሙናውም ይዞ ያቆየዋል። ውሃው ቀልቶ ካደረ ድፉና ድገሙ። እኔ በዚህ መንገድ አብዛኛውን ሮዝ አውጥቻለሁ፤ ጋቢው ውስጥ የገባው ግን ቀርቷል። በረኪና እንዳታስቡ። ሮዙን ሲያነሳ ሌሎቹንም ቀለሞች ያነሳል፣ ክሩንም ያደክማል፤ መሀሉ ያለውን ጋቢ ደግሞ አለቅልቆ መጨረስ አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ደስ የሚል ሥራ ነው። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለ፤ ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ልብስ ያለ ንድፍ እየገጣጠሙ ከብርድ መከላከያ ሲሰፉ ኖረዋል። ሥራቸው በ2002 ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ታይቷል፣ በ2006 የአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጥቷል (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። «ሃውስቶፕ» የሚሉት አሠራር በቁርጥራጭ ለሚጀምር ሰው ከሁሉም ይሻላል። መሀል ላይ አንድ ቁራጭ ታስቀምጣላችሁ፣ በአንዱ ጎኑ ቅዳጅ ትሰፋላችሁ፣ ታዞሩታላችሁ፣ በሚቀጥለው ጎን ሌላ ትሰፋላችሁ፤ እንዲህ እየዞረ ያድጋል። የቅዳጁ ወርድ ከ4 እስከ 9 ሴንቲሜትር ቢለያይ ይመረጣል። ጫፉን በመቀስ ጀምራችሁ በእጅ ቅደዱት፤ ጨርቅ ድሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። ልክ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው፦ 46.5 ሴንቲሜትር ካሬ ካርቶን ቆርጣችሁ ካደገው ጨርቅ ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን ከርክሙ። ካርቶኑን ትንሽ ዘንበል ብታደርጉት ድሪቶው ሕይወት ያገኛል። የብርሃንና የጥቁር ሚዛኑን ለማየት ካሬዎቹን መሬት ላይ ደርድራችሁ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱ።

እያንዳንዱ ስፌት ቀጣዩ ከመሰፋቱ በፊት በካውያ ይተኛ። መብራት ከጠፋ በማንኪያ ጀርባ አጥብቆ መጫን ይበቃል።

ገበሩ ከፊቱ በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር ይትረፍ። አቡጀዲው ወርዱ 1.50 ከሆነ 5.20 ሜትር ግዙ፣ ታጥቦ ስለሚኮማተር። ጋቢውም ይታጠብ፤ ካጠረ ሌላ ቁራጭ ጠርዝ ለጠርዝ ግጠሙለት፣ አታደራርቡት። ገበሩን ንጹሕ ወለል ላይ ዘርግታችሁ በፕላስተር ያዙ፣ ጋቢውን፣ ከዚያ ፊቱን ደርቡ። በየ10 ሴንቲሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ያዙ ይባላል፤ ለዚህ ልክ 400 ገደማ ይጠይቃል። ከመሀል ወደ ዳር በየ15 ሴንቲሜትሩ ረጃጅም ጊዜያዊ የእጅ ስፌት በደንብ ይይዘዋል፣ የሚፈጀውም ክር ብቻ ነው።

ፊቱን፣ ጋቢውንና ገበሩን አንድ ላይ የሚያያይዘውን ስፌት በእጅ ስፉት። የእግር ሲንጀር ይችላል፣ ግን ጥርሱ ገበሩን ሲስብ ጨርቁን ከላይ የሚጫነው እግሩ ፊቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሀሉ ይጨማደዳል። ወፍራም የጥጥ ክር፣ መስመሩ በየ8 ሴንቲሜትር፣ ስፌቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር። ጥቃቅን ስፌት የሚያስመሰግን ነው ይላሉ፤ አራት ድርብ ጋቢ ላይ ግን ጣት ከማድማት በቀር ትርፍ የለውም።

ለጠርዙ 6 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ቅዳጅ፣ በድምሩ 8.5 ሜትር፣ ለሁለት አጥፋችሁ ከፊት ስፉት፣ ወደ ኋላ አዙራችሁ በእጅ ጨርሱት።

የመጀመሪያው እጥበት ከመስቀል በኋላ፣ ጠዋት ይሁን። ሲሰጣ በሁለት ትይዩ ገመድ ላይ ይዘርጋ፣ በአንድ ገመድ ክብደቱ ስፌቱን ይበጥሰዋል። ጥቁርና ቀይ የበዛበት ጫፍ ወደ ታች ይሁን፤ ውሃው የሚወርደው ወደዚያ ነው። ስታስቀምጡት በነጠላ ወይም በአንሶላ ጠቅልሉት፤ ላስቲክ ውስጥ የቀረች እርጥበት ጋቢውን ታሻግተዋለች።