ቡናችን የደረሰባት ደሴት

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ሀዋሳ ውስጥ፣ ከሲዳማ ወረዳዎች የሚመጣውን ናሙና ቆልተን ፈጭተን፣ የፈላ ውሃ አፍስሰንበት በማንኪያ እየማግን ደረጃ እናወጣለን። ባለፈው ሳምንት ከቅምሻ ስንወጣ አንድ ባልደረባዬ «ቅድስት ሄለና የምትባል ደሴት ላይ የሚበቅል ቡና አለ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስለ እሷ ሳነብ አመሻለሁ።

ደሴቷ ደቡብ አትላንቲክ መሀል፣ ከአፍሪካ ጠረፍ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው። በእንግሊዝ ሥር ናት። ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር። ሐይቃችን 90 ገደማ ስለሆነ ታቦር ላይ ወጥቼ በዓይኔ ለካኋት፤ ከሐይቁ ትንሽ ብትበልጥ ነው። በ2021 የተቆጠረው ሕዝቧ 4,400 ያህል ነበር። እዚህ በታኅሣሥ ገብርኤል ደጃፍ ላይ የሚቆመው ሕዝብ ከዚያ ይበልጣል።

ቡናውን በ1733 የወሰደው የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው፤ ከየመን፣ ከሞካ ወደብ። የመን ደግሞ ከየት እንዳገኘችው እኛ እናውቃለን። ዝርያው አረንጓዴ ጫፍ ቡርቦን ይባላል፤ ለጋ ቅጠሉ እንደ ነሐስ አይቀላም። ይህን ያነበብኩ ዕለት እናቴ ጓሮ ያሉትን አራት የቡና እግሮች ጫፍ ጫፋቸውን ስገልጥ ዋልኩ። ሦስቱ ቀላ ያሉ፣ አንዱ አረንጓዴ።

እንደ ቀማሽ የገረመኝ ከፍታው ነው። እኛ ጥሩ ቡና የምንጠብቀው ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ የደሴቷ ትልቁ ተራራ ግን 820 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለካ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስና ደመናው ያቀዘቅዟታል። አንድ ስኒ እንኳ ባገኝ!

ቡናው ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ ሕዝቡን አይመግብም። ድሮ ገመድ የሚሆን የቃጫ ተክል ነበራቸው፤ በ1966 ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ ተክሉ ዛሬም ኮረብታውን ሸፍኖታል። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው በጀት ከለንደን ነው፤ ዓሣ አለ፣ ጥቂት ቱሪስት አለ፣ ወጣቱም ለሥራ ባሕር ይሻገራል። መደበኛ የመንገደኛ አውሮፕላን የጀመረላቸው በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት ከኬፕታውን በመርከብ አምስት ቀን ያህል ይፈጅ ነበር።

እሁድ ይህን ሁሉ ለእናቴ እያወራሁላት ደሴቷ ላይ ስላለው ስለ ሩፐርት ሸለቆ ነገርኳት። ከ1840 እስከ 1872 ድረስ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ያስጣላቸውን ወደ 25,000 የሚሆኑ አፍሪካውያን እዚያ አውርዷል። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ወደ 8,000 የሚጠጉት እዚያው ሞተው ተቀበሩ። ለአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ሲጠረግ የ325ቱ አፅም ወጣ፤ መልሶ የተቀበረው በ2022 ነው።

አቦሉን ልትቀዳ ነበር። ጀበናውን መልሳ ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ስማቸውን የሚያውቅ የለም?»

«የለም፣ እማዬ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» ብላ ፍሙ ላይ ዕጣን ጨመረች። ቡናው ሳይቀዳ ብዙ ቆየን።