ለጀማሪ የሚሆን የፖሊሽ ማሽንና ፓድ አመራረጥ

የመኪናቸውን ቀለም በራሳቸው እጅ ፖሊሽ ለማድረግ የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ የትኛውን ማሽን እንደሚገዙ ነው፤ ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ቀለሙን ስለሚፈትገው ፓድ የሚጠይቀኝ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። በጀቱ ውስን ለሆነ ጀማሪ ምክሬ ሁልጊዜም አንድ ነው፤ ከማሽኑ ወጪ ቀንሶ ፓዱ ላይ ይጨምር።

ሮታሪ የሚባለው ማሽን ፓዱን በአንድ ማዕከል ዙሪያ ብቻ ስለሚያሽከረክር ጭረትን በፍጥነት ያነሳል፤ ይሁን እንጂ ልምድ በሌለው እጅ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ቀለሙን ያግላል፣ ጠርዝ ላይ ካረፈም ክሊሩን፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን፣ በልቶ ሊጨርሰው ይችላል። የአብዛኞቹ መኪኖች ክሊር ውፍረት ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ በመሆኑ ለስህተት የሚተርፍ ቦታ የለውም። ዱዋል አክሽን የሚባለው ሌላው ማሽን ግን ፓዱ እየዞረ ስለሚወዛወዝ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም። ከዚህ ዓይነት ማሽን መካከል የውዝዋዜው ስፋት 15 ሚሊ ሜትር፣ የፓድ መያዣው ሳህን ደግሞ 125 ሚሊ ሜትር የሆነውን እመርጣለሁ። ባለ 21 ሚሊ ሜትሩ እንደ ኮፈንና ጣሪያ ባሉ ሰፋፊ ቦታዎች ላይ ሥራ ያፋጥናል፤ ባምፐርና በር እጀታ አካባቢ ግን ያስቸግራል።

ማሽኑን እንደገዙ በሳህኑ ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ ወፍራም መስመር ያስምሩ። መስመሩ ሲዞር ከታየ ፓዱ እየሠራ ነው፤ ባለበት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ከመጠን በላይ ተጭነዋል ወይም ፓዱን አዘንብለውታል ማለት ነው፣ በዚህ ሁኔታ ጭረቱ አይነሳም።

ፓድን በተመለከተ በቀለሙ መመራት አይገባም፤ የአንዱ አምራች ብርቱካናማ ፎም ከሌላው ብርቱካናማ ጋር በጥንካሬ ላይመሳሰል ይችላል። ማይክሮፋይበርና ሱፍ ከፎም የበለጠ ስለሚቆርጡ ለጀማሪ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፎም ይበቃዋል። ዋናው ጉዳይ ብዛቱ ነው። አንድ ፓድ መኪናውን በሙሉ አይጨርስም፤ ኮምፓውንዱ (ጭረት የሚያነሳው ቅባት) እና የተነሳው ቀለም የፎሙን ቀዳዳዎች ሲደፍኑ መቁረጡን ያቆማል፣ መሃሉም ግሎ ፎሙን ከቬልክሮው ሊያላቅቀው ይችላል። ስለዚህ ከመካከለኛው ቢያንስ 4፣ ለማጠናቀቂያ ከሚሆነው ለስላሳ ደግሞ 2 ይያዙ፤ እያንዳንዱን ክፍል እንደጨረሱም ፓዱን በብሩሽ ያጽዱ። የፓዱ ስፋት ከሳህኑ በትንሹ እንዲበልጥም ይጠንቀቁ፤ አለበለዚያ የሳህኑ ጠርዝ ቀለሙን ይነካል።

ጀልባ ያላቸው ሰዎች ይህ ምክር በከፊል ብቻ ይሠራላቸዋል። ጄልኮት የሚባለው የጀልባው የላይ ሽፋን ከመኪና ክሊር እጅግ የወፈረ በመሆኑ፣ በፀሐይ ነጥቶ ዱቄት እስከ መሆን ከደረሰ ሮታሪና የሱፍ ፓድ የግድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሥራው የሚጀመረው መኪናው በሚገባ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ መርጦ በለስላሳው ፓድ በመሞከር ነው። የፖሊሹ ቅባት ጭረትን ለጊዜው ስለሚሸፍን፣ በውኃ በቀጠነ አልኮል ጠርገው በብርሃን ሳያዩ ወደ መካከለኛው ፓድ አይለፉ።