ዲስኩ ከተቃጠለ ይሄ ከርነል ከየት ተነበበ?

ሰርቨሩ ከሰዓት ላይ ሪስታርት ተደረገና በዚያው ቀረ። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ቀደም ብሎ በአውቶማቲክ አፕግሬድ ተደርጓል፤ ግን ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ያጠፋው ሰው ስላልነበረ አዲሱ ከርነል ገና አልተሞከረም። አፕግሬዱ መኖሩም ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ስክሪኑ ላይ ከርነል ፓኒክ፣ ማለትም ከርነሉ መቀጠል ሲያቅተው የሚያወጣው የስህተት መልእክት፣ ቆሟል። ሩት ፋይል ሲስተሙን (ሲስተሙ ራሱ ያለበትን ዋና የፋይል ማከማቻ) ማውንት ማድረግ፣ ማለትም ከፍቶ ለሥራ ማዘጋጀት፣ አልተቻለም ይላል፤ መጨረሻው ላይ አንኖውን ብሎክ፣ ቀጥሎ በቅንፍ የዲቫይሱ ቁጥር፦ (0,0)። ከፍ ብሎ ደግሞ ያሉት ፓርቲሽኖች (የዲስክ ክፍልፋዮች) እነዚህ ናቸው የሚል መስመር አለ። ከሥሩ ምንም የለም።

አለቃችን ያቺን ባዶ ቦታ አይተው ፈረዱ። «ዲስኩ ተቃጥሏል። አዲስ አምጡና ከባክአፕ እንመልስ» አሉ። ሥራውን ለረጅም ዓመታት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከፊታቸው የተቃጠለ ዲስክ ብዙ ነው። ከርነሉ አንድም ፓርቲሽን አላየሁም እያለ ዲስክን መጠርጠራቸውም አይገርምም። ግን ባክአፑ የተወሰደው ትናንት ማታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገባው የሙሉ ቀን ሥራ ሊጠፋ ነው።

ከኋላችን የቆመው ጀማሪ ባልደረባችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ዲስኩ ከተቃጠለ ይሄ ከርነል ከየት ተነበበ? ከርነሉን የሚጭነው ግራብም ከርነሉም ያሉት እዚያው ዲስክ ላይ አይደል እንዴ?»

«ልጄ፣ አሁን የትምህርት ሰዓት አይደለም» አሉትና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ልጁ ፊቱ ቀላ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እኔ ግን ጥያቄው ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ልክ ነው እኮ! ግራብ ዲስኩን የሚያነበው በማሽኑ ፈርምዌር (ማሽኑ ውስጥ አብሮ በተቀመጠው መነሻ ፕሮግራም) በኩል ነው። ከርነሉ አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ዲስኩን የሚያየው በራሱ ድራይቨር (ዲስኩን በሚያናግር ፕሮግራም) ነው። እኛ በምንጠቀመው ሊኑክስ ድራይቨሩ ሞጁል (ተነጥሎ የሚጫን ክፍል) ሆኖ የተቀመጠው ኢኒትራምኤፍኤስ በሚባል፣ ግራብ ከከርነሉ ጋር አብሮ በሚጭነው ፋይል ውስጥ ነው። እሱ ከሌለ ዲስኩ ደህና ሆኖ ከርነሉ አያየውም። በዩዩአይዲ (በመለያ ቁጥር) የተጻፈችው የሩት አድራሻ የየትኛው ፓርቲሽን እንደሆነች የሚያጣራውም እዚያው ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። (0,0) ብዙ ጊዜ የሚነግረን ይሄንን ነው። (8,1) ቢል ኖሮ ከርነሉ ዲስኩን አግኝቶ ፋይል ሲስተሙን መክፈት ከብዶታል እንል ነበር። ሁለት 0 ሲሆን ግን የሚከፍተውን ዲቫይስ ራሱን አላገኘም። የተቃጠለ ዲስክም ይሄንን ሊያሳይ ይችላል፤ የተቃጠለ ዲስክ ግን ከርነል አያስነሳም።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ከመነቀሉ በፊት በድሮው ከርነል እንሞክረው። እምቢ ካለ እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አልኳቸው። በእጃቸው «ሞክሩ» አሉ፤ ስልኩን አልዘጉም። ከግራብ ሜኑ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብተን የቀድሞውን ከርነል መረጥን። ተነሳ። ዳታው አንዲት ነገር አልጎደለበትም።

የቀረው ቀላል ነበር። ከርነሎቹ የሚቀመጡበት የቡት ፓርቲሽን 100 ከመቶ ሞልቷል፤ የሞላውም ማንም ባላጠፋቸው አሮጌ ከርነሎች ነው። የአፕግሬዱ ሎግ ላይ ቦታ የለም የሚል መስመር ተጽፏል። አዲሱ ከርነል ገብቶ ኢኒትራምኤፍኤሱ ሲዘጋጅ ቦታው አልቋል፤ ግራብ ደግሞ ያንኑ ጎዶሎ ከርነል ከሜኑው አናት ላይ አስቀምጦታል። የማያስፈልጉትን በፓኬጅ ማኔጀሩ አስወገድን፣ ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና ሠራን፣ የግራብ ሜኑን አደስን። አዲሱም ከርነል ተነሳ።

እስካሁን የሚከነክነኝ ሪፖርቱ ነው። «የዲስክ ብልሽት ተጠርጥሮ በኃላፊው ውሳኔ በቀድሞው ከርነል ተነሥቷል» ይል ነበር ረቂቁ። ቢሯቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም። መንገዱን ያሳየን ደግሞ የልጁ ጥያቄ ነው። ስሙ ይግባ።»

«ሪፖርት የሚጻፈው ስለ ማሽኑ ነው እንጂ ስለ ሰው አይደለም» አሉኝ።

«እንግዲያው በኃላፊው ውሳኔ የሚለውም ይውጣ።»

ዝም አሉ። ሪፖርቱ ሲላክ አየሁት፤ የዲስኩ ነገር ወጥቶ የቡት ፓርቲሽኑ መሙላት ገብቷል። በኃላፊው ውሳኔ የሚለው እንዳለ ነው። የልጁ ስም የለም። ዳታውን ያዳነ ሰው ሳይጠቀስ መቅረቱ ዛሬም ያናድደኛል። በተለይ ጀማሪ ሲሆን፣ ሁለተኛ አፉን እንዳይከፍት የሚያደርገው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አሁን ማንኛውም ሰርቨር ሪስታርት ከመደረጉ በፊት የቡት ፓርቲሽኑን ቦታ የሚያይ፣ እያንዳንዱ ከርነል የራሱ ኢኒትራምኤፍኤስ እንዳለውም የሚያጣራ ስክሪፕት አለን። የጻፈው ያው ልጅ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሙን እንዲያስገባ ነገርኩት። አስገብቷል።