የ1834ቷን ሳንቲም ይዤ ፊላደልፊያ

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከዋሽንግተን ባቡር ተሳፈርኩ። በደረት ኪሴ አንዲት የወርቅ ሳንቲም ይዣለሁ። ባለ አምስት ዶላር ናት፤ የተመታችው በ1834 ነው። ጠርዟ ላይ የብየዳ ጠባሳ አላት፤ አንድ ዘመን የአንገት ጌጥ ነበረች። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ብዙም አይፈልጉም። እኔም የገዛኋት በዚሁ ምክንያት አቅሜ ስለቻላት ነው። አያቴ ጠገራ ብር በአንገቷ ታስር ነበርና ጠባሳዋን እወደዋለሁ።

ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጅቶ ደረስን። ሚንት የሚባለው የሳንቲም ፋብሪካ ከነጻነት አደባባይ አጠገብ፣ አርች ጎዳና ላይ ነው። መግቢያው በነጻ ነው። ከላይ ቆማችሁ፣ ማሽኖቹ ሲሠሩ ቁልቁል ታያላችሁ። እኔ ግን ብዙ የቆየሁት ፒተር ፊት ነው። ፒተር ደርቆ የተቀመጠ ንስር ነው። በ1830ዎቹ ሚንቱ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ክንፉን ማሽን ይዞት ሞተ ይባላል። ምናልባት ሳንቲሜ ስትመታ እላይዋ ያንዣብብ ነበር።

የአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የወርቅ ሳንቲሞች የወጡት በ1795 ነው። ጁላይ 31 ቀን 744 ባለ አምስት ዶላሮች ተመትተው ወጡ። ከዚያ በኋላ በብዙ ሺህ ተመተዋል። ታዲያ የት ገቡ?

ቀለጡ። የ1792ቱ ሕግ አንድ እጅ ወርቅን በ15 እጅ ብር ተመነ። አውሮፓ ውስጥ ግን ወርቅ ከዚያ የተሻለ ያወጣ ነበር። ነጋዴው ሳንቲሙን በመርከብ እየጫነ ወሰደው። በ1804 የባለ አስር ዶላሩ ሥራ ጭራሽ ቆመ። በ1834 ደግሞ ኮንግረስ ባለ አምስቱን ከ8.75 ግራም ወደ 8.36 ግራም አወረደው። አሮጌው በአዲሱ ሲመነዘር ከ5 ዶላር ከ30 ሳንቲም በላይ አወጣ። ማን ያስቀምጠዋል? በየቤቱ የቀረውም እሳት ገባ።

የ1822ቱ ይብሳል። መዝገቡ 17,796 ተመቱ ይላል። ዛሬ የሚታወቁት ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም አሉ። ሦስተኛዋ በ2021 በጨረታ 8.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ይህ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

የእኔዋ ያንን ሁሉ ያቀለጠው ሕግ ልጅ ናት። ጀርባዋ ላይ «ከብዙዎች አንድ» የሚለው የላቲን ጽሑፍ የለም። ሆን ብለው ነው ያወጡት። ገንዘብ ቆጣሪው ቀላሉን ከከባዱ በዓይኑ እንዲለይ ነው።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ሚንት ወደነበረበት ሰባተኛው ጎዳና ሄድኩ። ሕንፃው ከፈረሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቦታው ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቆሟል። የ1795ቶቹ እዚህ ተመቱ። የ1822ቶቹም እዚሁ። ሳንቲሜን አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ሚንቱ በ1833 ቦታ ቀይሮ ነበር። የእሷ መወለጃ እዚህ አይደለም።

ባቡሬ ሊደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀርቶታል። ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት አቅጣጫ፣ ቼስትነት እና ጁኒፐር ጎዳናዎች ወደሚገናኙበት ጥግ በእግሬ ጉዞ ጀመርኩ።